ስለ ሳይቴሽንና ኤች ኢንዴክስ ጠይቁኝ (ዘርፋችሁን ሳትጽፉ ግን አልመልስም)

የላይብረሪ ሰው፦ የሰው ፐብሊኬሽን ሪከርድ ማገላበጥ እንጀራዬ ነው። ሳይቴሽን ማለት ጽሑፋችሁ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ሲጠቀስ ነው፣ ኤች ኢንዴክስ ደግሞ ከዚያ ተሰልቶ የሚወጣ የተመራማሪ ቁጥር። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ። ያለ ዘርፍ ቁጥር አታምጡ።

ሰላም ለሁሉ፦ ኤች ኢንዴክስ 12 ጥሩ ነው?

የላይብረሪ ሰው፦ በምን ዘርፍ?

የሒሳቡ ልጅ፦ ጋሼ እኔ ሒሳብ ነኝ፣ 5 ላይ ነኝ። አብሮኝ የተመረቀው ባዮኬሚስትሪ ያለው ጓደኛዬ 19 ደርሷል። ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?

የላይብረሪ ሰው፦ ኧረ በፍጹም፣ ይሄን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ። 5 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው፣ አለቀ። ሒሳብ ላይ ሰው ብቻውን ወይ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ነው የሚጽፈው፣ የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ለሁላችሁ የሚከፋፈለው ሳይቴሽን ራሱ ትንሽ ነው፤ እዚያ ማዶ ግን አንድ ላብ ሙሉ ሰው ስሙን ያሰፍራል፣ አንድ ፔፐር ብዙ ይጠቅሳል። ኤች ኢንዴክስን በ2005 ያመጣው ፊዚሲስቱ ሂርሽ ራሱ ሲቆጥር ለፊዚሲስቱ ዊተን 110 ሲያገኝ ለባዮሎጂው ስናይደር 191 ነው ያገኘው። ዊተን እኮ የሒሳቡን ትልቅ ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳልን፣ ያገኘ ሰው ነው! ሒሳበኛውን ፔረልማንንማ ተወው፣ ታዋቂውን የፖይንካሬን የሒሳብ ጥያቄ የፈታባቸውን 3 ጽሑፎች በ2002 እና 2003 አርካይቭ (ጽሑፍ ያለ ጆርናል የሚለጠፍበት ድረ ገጽ) ላይ ጣል አድርጎ ሄደ፣ ጆርናል አልላከም። የኛ የእድገት ኮሚቴ ቢያገኘው ስንት ነጥብ ይሰጠው ነበር? በሌላ በኩል በ1951 የወጣው የላውሪ ፔፐር ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፣ ፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ስለሆነ ነው።

ሐኪሙ፦ ሒሳቦች ሁሌ ሰበብ አታጡም 😄

የሒሳቡ ልጅ፦ እናንተ ደግሞ በር የከፈተላችሁን ሁሉ ኦተር (ጸሐፊ) ታደርጋላችሁ።

ሐኪሙ፦ ፊዚክሶቹን ሂድና ንገራቸው፣ የ2015ቱ የሂግስ ቅንጣት ክብደት ፔፐር 5,154 ኦተር አለው። እኛ ላይ ብቻ ነው እንዴ?

የላይብረሪ ሰው፦ ሌላ ቦታ ተጣሉ።

አዲስ ሌክቸረር፦ ሳይቴሽኔን ጉግል ስኮላር 240 ይለኛል፣ ስኮፐስ የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ 130። የቱን ልመን?

የላይብረሪ ሰው፦ ስኮላር ቴሲሱንም ምኑንም ይቆጥራል። ሲቪ ላይ ከየት እንዳመጣኸው ጻፍ።

ፀሐይ፦ የኔ ስም ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ሰው ሆኛለሁ።

የላይብረሪ ሰው፦ የአገራችን ዋና በሽታ! ፈረንጅ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ እኛ ደግሞ አንዱ ፔፐር ላይ በአባት እንጨርሳለን ሌላው ላይ አያት እንጨምራለን፣ ያንቺማ ይባስ ብሎ መጨረሻው አንዴ በዋይ አንዴ በአይ ይጻፋል። ኦርኪድ (የተመራማሪ መለያ ቁጥር) አውጪ፣ ነጻ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ አጻጻፍ ጽኚ፣ የድሮዎቹን ስኮላር ፕሮፋይልሽ ላይ ራስሽ ጨምሪያቸው። የሰው ፔፐር ግን እንዳታስገቢ፣ ስመ ሞክሼ ብዙ ነው።

አዲስ ሌክቸረር፦ ክፈል የሚል ጆርናል ሌባ ነው?

የላይብረሪ ሰው፦ መክፈሉ ብቻ አይደለም። በ3 ቀን ተቀብለንሃል ካሉህ ሽሽ።

መንገደኛ፦ ኤች 20 ጥሩ ነው?

የላይብረሪ ሰው፦ ከላይ አንብብ።

ሰላም ለሁሉ፦ እሺ ዘርፌ እርሻ ነው። 12 ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?

የላይብረሪ ሰው፦ አፈር? እንስሳት? የእርሻ ኢኮኖሚክስ? በስንት ዓመት? ኧረ በፈጠራችሁ!