«የፈላስፋ ድንጋይ» ወይስ «የፈላስፎች ድንጋይ»?

ጥያቄ፦ ልጄ ስለ አልኬሚ (ተራ ማዕድንን ወርቅ ለማድረግ ይጥር ስለነበረው የጥንት ጥበብ) ለትምህርት ቤት በጻፈችው ጽሑፍ ውስጥ «የፈላስፋው ድንጋይ እርሳስን በወርቅ የሚለውጥ ነገር ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብሁ። ጆሮዬን ቢከረክረኝም ስሕተቱን ለይቼ ልነግራት አልቻልሁም። «የፈላስፋ»፣ «የፈላስፋው» ወይስ «የፈላስፎች» ይባል?

መልስ፦ ከሦስቱ መጣል ያለበት «የፈላስፋው» ነው። «ው» ሲጨመርበት አንባቢው ቀድሞ የተጠቀሰ አንድ ፈላስፋ ያለ መስሎት ማንነቱን ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ግን የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ላቲኑ «ላፒስ ፊሎሶፎሩም»፣ ዓረብኛው «ሐጀር አል-ፈላሲፋ» ሲል ሁለቱም ባለቤቶቹን በብዙ ቁጥር ይጠራሉ፤ ጀርመኖችም «የጠቢባን ድንጋይ» ይሉታል። «ፈላስፎች» የተባሉትም በዋናነት አልኬሚስቶቹ ራሳቸው ናቸው።

በዚህ መሠረት «የፈላስፎች ድንጋይ» ለምንጩ ይቀርባል፤ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው። ይሁን እንጂ «የፈላስፋ ድንጋይ» የሚለውን ስሕተት ነው ብዬ አልሰርዘውም። «የአናጢ መዶሻ» ስንል አንድ አናጢን ሳይሆን ሙያውን እንደምናስብ ሁሉ፣ «የፈላስፋ» የሚለውም ወገኑን በሙሉ ሊያመለክት ይችላል። ከዚህም በላይ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ሥራ «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ይባላል፤ ቅጽሉ «ጠቢባን» ተብሎ በብዙ ቁጥር መምጣቱ «ፈላስፋ» ራሱ በዚያ ቦታ ብዙ ቁጥር መሆኑን ያሳያል፤ ከዓረብኛው ብዙ ቁጥር ከ«ፈላሲፋ» ጋር አንድ ነውና። ቃሉን ነጠላ አድርጎ ወስዶ «ፈላስፎች» ሲል እንደገና ያበዛው አማርኛ ነው። «ሊቃውንቶች» የሚል ጸሐፊ ሲገጥመን ቀይ እስክሪብቶ የምናነሣ ሰዎች «ፈላስፎች»ን ያለ አንዳች ቅሬታ ማሳለፋችን ያስገርመኛል።

ጆሮዎን የከረከረው ግን «በወርቅ» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። «በቅሎዬን በፈረስ ለወጥሁ» ያለ ሰው በቅሎውን ሰጥቶ ፈረስ ተቀበለ እንጂ በቅሎው ፈረስ አልሆነችለትም። «እርሳስን በወርቅ የሚለውጥ» የሚለውም እንዲሁ የገበያ ልውውጥን ይገልጻል፤ አልኬሚስቱ የተመኘው ደግሞ ያው እርሳስ ባሕርዩን ትቶ ወርቅ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ «ወደ ወርቅ የሚለውጥ» ወይም፣ ይበልጥ አማርኛ አማርኛ እንዲሸት፣ «ወርቅ የሚያደርግ» ትበል።

«ድንጋይ» የሚለውን ግን እንዳለ ትተወው፤ አልኬሚስቶቹ ብዙ ጊዜ ነገሩን እንደ ቀይ ዱቄት ቢገልጹትም ስሙ በዚሁ ጸንቷል። «እርሳስ» ለክፍል ጓደኞቿ በመጀመሪያ የሚያስታውሳቸው ደብተር ላይ የሚጽፉበትን ስለሆነ፣ «እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት» ብላ ብታብራራ ይሻላል።