ልጄ የታመመው በእኔ ኃጢአት ነው? ስለሚወረስ የቆዳ ሕመምና ስለ ጠበል

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። መራመድ ከጀመረ ወዲህ መዳፉና የእግሩ ሥር ውሃ እየቋጠረ ይቆስላል፣ ሙቀት ሲሆን ይብስበታል። ሐኪሙ «በዘር የሚወረስ ነው፣ ኬራቲን የሚባለው ነገር ላይ ስህተት አለ» አለን። የባለቤቴም እግር ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚሁ ነው። አማቴ ግን «በአንቺ ኃጢአት የመጣ እርግማን ነው» ይላሉ። ጠበል ቦታ ያገኘኋቸው ሰዎች ደግሞ «መድኃኒቱንና ፋሻውን ካልተውሽ አይድንም» አሉኝ። ሌላ ልጅ መውለድስ ኃጢአት ይሆንብን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የእርግማኑን ነገር እንዝጋው። የልጅሽ ሕመም የአንቺ ኃጢአት ቅጣት አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ጠይቀውት ነበር። ጌታም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰላቸው፤ ዮሐንስ 9 ላይ አንብቢው። አማትሽ ምናልባት የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ ይደርሳል የሚለውን የዘጸአት 20 ቃል ይዘው ይሆናል። ግን ያ ቃል እግዚአብሔርን ስለሚጠሉ ሰዎች ነው የሚናገረው፣ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ብሎ ቁርጥ አድርጎታል። ሕፃን ልጅ ሮጦ እግሩ በቆሰለ ቁጥር እናቱ ላይ ኃጢአት መፈለግ የክርስቲያን ሥራ አይደለም። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው፣ ብዙ እናቶች በዚህ ንግግር ቤተ ክርስቲያን ቀርተዋልና።

አሁን ሐኪሙ ወደነገረሽ እንሂድ። ኬራቲን በቆዳችን፣ በፀጉራችንና በጥፍራችን ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ዓይነቱ ከ50 በላይ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የአሠራር መመሪያ፣ አለው። በላይኛው ቆዳ የመጨረሻ ታች ንብርብር ላይ ባሉት ሕዋሶች ውስጥ ኬራቲን 5 እና ኬራቲን 14 ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገመዱና፣ ልክ የጭቃ ቤት ግድግዳን ማገር እንደሚይዘው ሕዋሱን ይዘው ያቆሙታል። ከሁለቱ ጂኖች በአንዱ ላይ ስህተት ካለ ክሩ ይደክማል። ጫማ ሲፈትግ ወይም ልጁ ሲሮጥ ሕዋሱ ይሰበራል፣ በተሰበረበት ቦታ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ልጅሽ ላይ የምታዪው ውሃ የቋጠረ ነገር ይኸው ነው። ይህ የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ምርምሮች ነው። ስለዚህ አማትሽ በልጅነታቸው የሰሙት ታሪክ ውስጥ ይህ ዕውቀት አልነበረም፤ አትፍረጅባቸው።

ሌሎች ኬራቲኖችም እንዲሁ ናቸው። በኬራቲን 1 እና 10 ላይ ስህተት ሲኖር ቆዳው ይወፍራል፣ እንደ ቅርፊትም ይሆናል። በኬራቲን 9 ላይ ሲሆን መዳፍና የእግር ሥር ይጠነክራል። አንዱም አይጋባም። ሰው ከልጅሽ ጋር ቢበላ፣ ቢስመው፣ አብሮት ቢተኛ ምንም አይሆንም። ሕዝቡ ግን አይቶ «ለምጽ ነው» ይላል፣ ልጁንም ከጓደኞቹ ይለያል። ይህንን ግን ዝም ብለሽ አትለፊው፣ ተናገሪ።

«ዘመድ ስለተጋቡ ነው» የሚሉም አይጠፉም። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባትን መከልከሏ፣ ከሁለት ወገን ተደብቆ የሚመጣ ሕመምን በእርግጥ ይቀንሳል። የእናንተ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወላጅ አንድ የተበላሸ የጂን ቅጂ ብቻ ሲመጣ ይታያል፣ ምክንያቱም ደካማው ኬራቲን ከደህናው ጋር አብሮ ስለሚገመድ ክሩን ሁሉ ያደክመዋል። በእናንተ ቤት ከአባቱ የመጣ ይመስላል። ይህን ስል ግን ወቀሳውን ከአንቺ አንስቼ ባለቤትሽ ላይ ለመጫን አይደለም። እሱም የተወለደበትን አልመረጠም። ከወላጆቹ ማንም ሳይኖርበት በልጁ ላይ አዲስ ሆኖ የሚጀምርበት ጊዜም አለ፤ እንዲህ ያጋጠማትን እናት «ከማን ወለድሽው?» የሚላት ሰው ከባድ ኃጢአት ይሠራል።

ስለ ጠበሉ፦ ውሰጂው፣ በእምነት ይጠመቅ፣ ይጠጣም። መድኃኒቱንና ፋሻውን ግን አትተዪ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር አወጣ ይላል። ጠበል ቦታ «ወይ ይሄ ወይ ያ» የሚሉሽ ሰዎች ይህንን ምዕራፍ ያንብቡት። ለአጥማቂው ግን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ልጁን አጥብቆ አይያዘው፣ አይሸው፣ ውሃውም ከከፍታ በኃይል አይውረድበት። እምነት የሚባለውን አፈር ግንባሩ ላይ ይቀቡት፣ ክፍት ቁስል ላይ አይነስንሱበት፤ አፈር ቁስል ውስጥ ሲገባ ያመረቅዛል፣ ይህን ማለት በእምነት ማነስ አያስቆጥርም። የማዕተቡ ክር አንገቱን ከፈተገው በለስላሳ የጥጥ ክር ቀይሪው፣ ላላ አድርገሽ እሰሪለት። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲያወልቅ ለስላሳ የጥጥ ካልሲ አድርጊለት። ባለቤትሽም መዳፉና ጉልበቱ የሚቆስል ከሆነ ስግደቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ በአቅሙ ያድርግ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሐኪሙ እንዳሳየሽ የቋጠረውን ውሃ በንጹሕ መርፌ አውጪለት፤ ካልወጣ እየሰፋ ይሄዳል። ከላይ ያለውን ቆዳ ግን አትላጪው፣ የሚጣበቅ ፕላስተርም አትለጥፊበት። መግል ከያዘ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ሌላ ልጅ መውለድ ኃጢአት አይደለም። አባቱ ካለበት ግን በየእርግዝናው 50 በመቶ ዕድል አለ፤ የመጀመሪያው ስለታመመ ሁለተኛው ያመልጣል ማለት አይደለም፣ የግድ ይታመማልም ማለት አይደለም። ይህን አውቃችሁ፣ ከሐኪማችሁና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማክራችሁ ሁለታችሁ ወስኑ። ውለዱ ወይም አትውለዱ ብዬ እኔ አላዝዛችሁም። አማትሽን በተመለከተ፣ ከአንቺ ይልቅ ልጃቸው ቢያናግራቸው ይሻላል፤ የእሱም እግር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲቆስል ያዩት እሳቸው ናቸውና።