መልስ፦ የጋዝ ምድጃዬ እሳት ቢጫ ሆነ፣ ጋዙም ቶሎ ያልቃል

እህቴ፣ ድስቱ ጥላሸት ከያዘና ሲሊንደሩ ቶሎ ካለቀብሽ፣ ሻጩን ከመጠርጠርሽ በፊት ምድጃውን እዪው። ደህና እሳት ሰማያዊ ነው። ቢጫ የሚሆነው ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ገንፍሎ የደረቀ ሽሮ ነው። ምድጃው ሲበርድ እሳት የሚወጣበትን ክብ ብረት አንሺና በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመርፌ ክፈቺ። በደንብ ሳይደርቅ እንዳትመልሺው። ስትገጥሚው ትንሽ እንኳ ከተንጋደደ እሳቱ ባንድ ጎን ብቻ ይነዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢጫ ከሆነ ባለሙያ ጥሪ፤ እስኪሠራ አትጠቀሚበት። አየር ያጣ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም።

ለቁጠባው፣ ነበልባሉ ከድስቱ ቂጥ አልፎ ጎኑን ከላሰ የምታሞቂው ወጡን ሳይሆን ኩሽናውን ነው። ከፈላ በኋላ ቀንሺው፣ ክደኚው። ሽንብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፊ።

«ጋዙ አንዳንዴ ይሸታል» ያልሽው ግን ቀልድ አይደለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሸትሽ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኪ። ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በርና መስኮት ከፍተሽ ውጪ። ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ሲሊንደሩን ከፍተሽ ጎማውንና መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቢ፤ አረፋው የሚነፋፋበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። በክብሪት የሚፈትሹም አሉ፣ ኧረ በፈጣሪ! የተሰነጠቀ ጎማ በፕላስተር አይጠገንም፣ ይቀየራል።