ሐኪም ጎመን ሲያዝ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሴ

ሰሞኑን ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል። ሐኪም ቤት ሄደው ከመድኃኒቱ ጋር የአትክልትና የፍራፍሬ መግዣ ቫውቸር ይዘው የወጡ ሰዎች ግራ ገብቷቸዋል። አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ፤ ስም አልጠራም።

«ልጄን ለክትትል ወስጄ ሐኪሟ የአትክልት ቫውቸር ሰጠችኝ። ቀልድ ነው የመሰለኝ። በኋላ ቢል ይልኩብኝ ይሆን?»

ቀልድ አይደለም እህቴ፣ ቢልም አይመጣብሽም። ወጪውን የሚሸፍነው ሌላ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም በ2018ቱ የአሜሪካ የእርሻ ሕግ በተመደበ ገንዘብ ይሠራል፣ ሌላው በሆስፒታል ወይም በእርዳታ ድርጅት፣ በጥቂት ስቴቶች ደግሞ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ራሱ ገብቶበታል። እኔ የምወደው የሚሺጋኗን የፍሊንት ከተማን ታሪክ ነው። የቧንቧ ውሃው ሊድ በሚባል መርዛማ ማዕድን ተበክሎ ሕፃናት ከተጎዱ በኋላ፣ በ2016 ሐኪሞቹ ለልጆች የአትክልትና የፍራፍሬ ማዘዣ መጻፍ ጀመሩ፤ የእያንዳንዱ ማዘዣ ዋጋ በኋላ 15 ዶላር ሆነ። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ ሊዱ በብዛት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛላ። ክሊኒኩ ከገበሬዎች ገበያ በላይ ፎቅ ላይ ነው፤ እናትየው ማዘዣዋን ይዛ ወደ ታች ትወርድና ብርቱካኑን ትመርጣለች። ሐኪም ሁሉ «አትክልት ብሉ» ይላል፣ መግዣውን የሚሰጥ ግን ስንቱ ነው?

አንድ ነገር ልብ በይ። አብዛኛው ቫውቸር የሚሠራው ጨው፣ ስኳርና ዘይት ላልገባበት አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ነው። ባለፈው ከጎረቤቴ ጋር አስቤዛ ልንገዛ ሄደን የቫውቸር ካርዷ እምቢ አለ። ከኋላችን ወረፋው ረዘመ፣ እሷ ላብ በላብ ሆነች፣ እኔም አብሬያት። ለካ ከጎመኑና ከቃሪያው መሃል አንድ የቆርቆሮ ቲማቲም ተደብቋል፣ ጨው ያለበት። እሱ ሲወጣ ካርዱ ሠራ። ምስርና ሽሮም ላይካተቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ዝርዝሩን ጠይቂ።

«ስኳር አለብኝ፣ ሥራዬ ሹፌርነት ነው። አትክልቱን በደንብ ከበላሁ ክኒኑን ላቁመው?»

ኧረ ወንድሜ! እንዳታቆም። ጥናቱ የሚለውን ልንገርህ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በ12 ስቴቶች ወደ 4,000 የሚጠጉ የቫውቸር ተጠቃሚዎችን ተከታትሎ፣ አትክልት መብላታቸው እንደጨመረ፣ ደም ግፊታቸውና የኤዋንሲ ቁጥራቸውም (የሦስት ወር ገደማ የደም ስኳር አማካይ) እንደወረደ አሳይቷል። ደስ ይላል። ግን ቫውቸር ካላገኙ ሰዎች ጋር አላነጻጸራቸውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ሌላ ጥናት ግን አነጻጸረ፤ የስኳር ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ቡድን በሳምንት የ10 ጊዜ ምግብ የሚሆን አስቤዛና የምግብ ባለሙያ ምክር ሰጠ፣ ሌላውን እንዲጠብቅ አደረገ። ከ6 ወር በኋላ የሁለቱም ስኳር ወረደ፣ ልዩነታቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ ቫውቸሩ ያግዝሃል፣ ክኒንህን አይተካም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ የእኛ ጎመን ብዙውን ጊዜ የእንጀራ ማጀቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፤ በትሪው ጠርዝ የምትቀመጥ ሁለት ጭልፋ ጎመን ብቻዋን አትሞላውም። እንጀራውን ቀንስ፣ ጎመኑን አብዛ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለካው። ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ ግን እንጀራ ከመቀነስህ በፊት ለሐኪምህ ንገር፤ መሪ ላይ ሆነህ ስኳርህ ቢወርድ አደጋ ነው።

«እናቴ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ጎረቤት ጎመን አይሆንሽም ስላለቻት ቫውቸሩን አስቀምጣዋለች።»

ጎረቤቲቱ ግማሽ እውነት ይዛለች። የሚወስዱት ዋርፋሪን (ኩማዲን) ከሆነ፣ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። መፍትሔው መተው ሳይሆን በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው። ችግሩ የሚመጣው በእኛ የጾምና የፍስክ አበላል ነው፦ ሁዳዴን 55 ቀን ጎመን በጎመን ሆነው፣ ፋሲካ ሲገባ ዶሮና ክትፎ። የደሙ ምርመራ ያኔ ይዘበራረቃል። ጾሙ ሲገባም ሲወጣም ክሊኒኩ ይወቅ። ኤሊኪስ የሚባለው ሌላው ደም ማቅጠኛ ከሆነ የሚወስዱት ይህ ጣጣ የለበትም። ኩላሊት የደከመበት ሰው ደግሞ ሙዝ፣ ድንችና ቲማቲም ስለሚያበዛው ፖታሺየም ሐኪሙን ይጠይቅ።

«ልጆቼ አትክልት አይነኩም። ፍሪጅ ውስጥ ይበሰብሳል።»

ካሮቱን ሽሮው ውስጥ ፈጭተሽ ጨምሪው፣ አያውቁም። ፍራፍሬውን ራሳቸው ይምረጡ። ቫውቸሩንም በአንድ ቀን አትጨርሺው።

«እኔ አልተሰጠኝም። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፣ ልጄ ነው የሚያስተረጉምልኝ። እንዴት ልጠይቅ?»

እናቴ፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው። ብዙ ክሊኒኮች መጀመሪያ ይጠይቃሉ፦ ገንዘብ ሳያገኙ ምግብ ያልቅብናል ብለው ሰግተው ያውቃሉ? አልቆብዎት ያውቃል? እኛ ምን እንላለን? «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ነው!» ይሉኝታ። እንግዲህ ልጅዎ መሃል ተቀምጦ እያስተረጎመ ማን ደፍሮ አልቆብናል ይላል? ነርሷ የለም ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ቫውቸሩም ወደ ሌላ ሰው ያልፋል።

ስለዚህ ልጅዎን ደጅ ያስቀምጡትና አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ መብት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሌላ ቦታም ቢሆን የፌደራል ገንዘብ የሚወስድ ክሊኒክ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ከዚያ እንዲህ ይበሉ፦ «በወር መጨረሻ አስቤዛ ያልቅብኛል፤ የአትክልት ቫውቸር አላችሁ?» ሐኪሙ ካላወቀ ሶሻል ወርከሯን ይጥሩልኝ ይበሉ፣ ብዙውን ጊዜ የምታውቀው እሷ ናት።

«ቫውቸሩ ሲያልቅስ?»

አዎ ያልቃል፣ ብዙው ከጥቂት ወራት አያልፍም። ፉድ ስታምፕ ካላችሁ ግን ብዙ የገበሬ ገበያዎች ላይ የምታወጡትን ያህል ለአትክልት ይጨምሩላችኋል፤ 10 ስታወጡ 10 ይጨመራል፣ ጣሪያው እንደየገበያው ይለያያል። ስትገቡ የመረጃ ድንኳኑን ፈልጉ፣ ካርዳችሁን እዚያ ነው መጀመሪያ የምታሳዩት።