ከመዝጋታችሁ በፊት መክፈቻውን ተነጋገሩ

ይህን የምጽፈው በተፈጥሮ ሀብት ተመርቃችሁ ወረዳ ላይ ልትመደቡ ለተዘጋጃችሁ ልጆች ነው። ገና ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁም አንብቡት፣ አይጎዳችሁም።

ሥራ እንደጀመራችሁ ብዙ ሳይቆይ አንድ ትእዛዝ ይመጣል። ተራራ አስከልሉ ትባላላችሁ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ኮረብታው ተራቁቷል፣ ጎርፉ ከታች ያለውን ማሳ እየበላ ነው። ስለዚህ ከብት አይግባበት፣ እንጨት አይቆረጥበት፣ ቦታው ከንክኪ ነፃ ይሁን። ስብሰባ ይጠራል። እናንተ ታስረዳላችሁ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ይጨምርበታል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ሪፖርታችሁ ላይ «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ሌሊት ከብት መግባት ይጀምራል።

ያኔ ከባልደረቦቻችሁ አንዱ «የግንዛቤ እጥረት ነው» ማለቱ አይቀርም። እኔ ይህ ሰበብ አይዋጥልኝም። ገበሬው አፈሩ እየተጠረገ መሆኑን ከእናንተ በፊት ያውቃል፤ ማሳው የራሱ ነው። ያልተነገረው ነገር ሌላ ነው። የተዘጋው መቼ ይከፈታል? ሲከፈት ማን ይገባል? እስከዚያው ላሞቹ ምን ይበላሉ?

አንድ ጊዜ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ አሉና «ልጄ፣ መዝጋቱንስ ሰማን። መክፈቻው መቼ ነው?» አሉት። «ወደፊት ይገለጻል» አላቸው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኔ ግን ስብሰባው እዚያው ላይ ያበቃ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ የተነገረውን የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለጥያቄያቸው መልስ የነበራቸው ሰዎች አገራችን ውስጥ ነበሩ፣ ያውም ከጥንት ጀምሮ። መንዝ ሂዱና ጓሳን እዩ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም አሉበት። ቦታውን ያቆየው ግን ለቀበሮው የታሰበ ሕግ አልነበረም። የአካባቢው ሰው የጓሳ ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሣ ይፈልገዋል። ጨረንፌ የሚባለውን ቁጥቋጦ ደግሞ ለማገዶ። በዚህ ምክንያት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው (የቅርቡ ዘመን ቄሮ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ ሌላ ነው)። ባለመብቶቹ አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት ነበሩ። አለቃ ይመርጣሉ፣ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። ሜዳውን ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል። ሽማግሌዎቹ የሣሩን ዕድገት ያያሉ። ድርቅ ከጠና የሕዝቡንም ችግር ያያሉ። ከዚያ በበጋው ይከፍቱታል። ሰዉ ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል፣ ክረምቱ ሳይጠና ደግሞ ለቅቆ ይወጣል። የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነበር። ያንን ቀን የማያውቅ እረኛ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። መዝጊያው በበዓል ቀን የተሰፋ ነው። ማስታወቂያ አያስፈልገው፣ ደብዳቤ አያስፈልገው። መክፈቻውን የሚወስነውም ሣሩን የሚፈልገው ሰው ራሱ ነው። ዛሬ በየፕሮጀክቱ ሰነድ «አሳታፊ» እያልን የምንጽፈውን ነገር እነሱ በሣርና በቀን ጨርሰውት ነበር።

ግን ጓሳን እንደ ገነት እያወራችሁ እንዳትመለሱ። ሥርዓቱ የአንድ ዘር ርስት ነበር፤ ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ ጎረቤት ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። ቅጣቱም ጨካኝ ነበር፣ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርሳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የቆየው መብት ፈረሰ፣ ቁጥጥሩ ለገበሬ ማኅበራት ሆነ። ሲጠበቅ የኖረው ሣርም መታጨድ ያዘ። በኋላ የአካባቢው ሰዎች ተመልሰው በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አደራጁት፤ አሁን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ ታውቋል። አዲሱ ደንብ ባለመብቱን አስፍቷል። ከአሮጌው የወረሰው ግን አለ፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ አለው።

ተቃራኒውንም አይተናል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በደርግ ጊዜ፣ በምግብ ለሥራ ስንት ተራራ ተከለለ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ። ሥራው ትንሽ አልነበረም። ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ስንዴና ዘይት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛፉ የማን ነው ስትሉት «የመንግሥት» ይላል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ታዲያ በብዙ ቦታ የመንግሥቱ ዛፍም አብሮ ወደቀ። መጥረቢያ የያዘውን ገበሬ መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን «መክፈቻው መቼ ነው?» ብሎ ለዓመታት መልስ ያላገኘ ሰው በሩን ራሱ ሲከፍት ነው የሚታየኝ።

ወላይታ ሁምቦ ላይ ሌላ መንገድ ተሞከረ። የተራቆተውን ተራራ በችግኝ ከመሸፈን ይልቅ፣ አፈሩ ውስጥ በሕይወት የቀረውን ጉቶና ሥር መጠበቅና ቅርንጫፉን እየመረጡ መቁረጥ። 2,728 ሄክታር ነው የተከለለው። መጀመሪያ ላይ ሰዉ መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ስጋቱም ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እሰጋለሁ። ነገሩን ያረጋጋው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብቱ በስማቸው መሆኑ ነው። ከብት አይገባም፣ ሣሩን ግን አጭደው ይወስዳሉ። በኋላ ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ዛፉ ከአየር ስቦ ለሚይዘው ካርቦን ከሚከፈለው፣ ገንዘብም ገባ። ስለ ካርቦኑ በየጉባኤው ብዙ ይወራል፣ ደግ ነው። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ሸክም ሣር ወደ ቤት የገባበት ቀን ይበልጣል። ካርቦን ለላም አይሰጥም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ። የ1999ኙ የደን አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንንም የማኅበራት ደንንም አውቋል። አውርዱና አንብቡት። ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሰምቶት የማያውቀውን አንቀጽ እናንተ ብታነቡለት፣ የምትናገሩት ሌላው ነገር ሁሉ ይደመጥላችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። ስብሰባው ላይ ማን እንደቀረ ቁጠሩ። የመጡትማ ይታወቃሉ፤ ፊርማቸው አለ፣ አንዳንዴ ውሎ አበልም አለ። የቀሩት እነማን ናቸው? እንጨት ለቅመው የሚሸጡት ሴቶች ቀርተዋል፣ የገበያ ቀን ነበር። መሬት የሌለው ወጣት ቀርቷል፣ ማንም አልጠራውም። እረኞቹም ቀርተዋል። የዚያን ተራራ እያንዳንዱን ቋጥኝ የሚያውቁት እነዚህ ናቸው፤ ሲከለልም ወዲያው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ወደ እነሱ ሂዱ። እንጨት ተሸክመው ወደሚያርፉበት ቦታ ሂዱ፣ አብራችሁ ተቀመጡ። ሸክሙን አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ ይስቁባችኋል፣ ምንም አይደል። አንድ ሸክም ስንት ይሸጣል፣ በሳምንት ስንቴ ትወጫለሽ ብላችሁ ጠይቁ። ተራራውን ስትዘጉ ከእሷ ምን እንደምትወስዱ በብር ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው «ምን እንተካልሽ?» የሚባለው። መልሱ ምድጃ ሊሆን ይችላል፣ ከተከለለው ዳር የደረቅ እንጨት መልቀሚያ ቀን ሊሆን ይችላል፣ የንብ ቀፎ ሊሆን ይችላል። እሷ ሳትናገር ግን ቀፎ ገዝታችሁ እንዳትሄዱ፤ ባዶ ቀፎ የተደረደረበትን መጋዘን በዓይኔ አይቻለሁ።

ደንቡ ሲጻፍ ሣሩ የሚታጨድበትን ቀን ራሳቸው ይቁረጡት። በዕጣ ይሁን፣ በየጎጡ ይሁን፣ አቅመ ደካማ ቀድሞ ይጨድ፣ ይከራከሩበት። ክርክሩ ረጅም ይሆናል። መኪናው እየጠበቀ ነው ብላችሁ እንዳታቋርጡት። የቅጣቱን ብር ማን እንደሚይዘውም ያን ቀን ይነገር። እዚህ ላይ ዝም ከተባለ ዓመት ሳይሞላ ሐሜት ይሆናል፣ ከዚያ ጠብ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ከእኔ ሰማን አትበሉ። በተከለለው ቦታ መጀመሪያ የምትገባው የድሃ ላም ላትሆን ትችላለች። የባለሥልጣን ዘመድ በሬ፣ የባለሀብቱ በግ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ እናንተን ነው የሚያየው። ራሳችሁ ዘላችሁ አትግቡ፣ ብቻችሁን አትቋቋሙትም። ደንቡን የፈረሙትን ሽማግሌዎች ጥሩ፣ እነሱ ይቅጡት። ካልቀጡት ደንቡ እንደላላ እወቁና እንደገና አስቀምጧቸው፤ ሪፖርታችሁ ላይም እንደዚያው ጻፉት። አለቃችሁ ደስ አይለውም። ይሁን።

ፕሮጀክቱ በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ያልቃል፤ እናንተም ወይ ትቀየራላችሁ ወይ ማስተርስ ትሄዳላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደንቡን በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመስጊዱና ለዕድሩ አንዳንድ ቅጂ ስጡ። በአንድ ቢሮ መሳቢያ ብቻ ከቀረ፣ መሳቢያው ሲጠረግ ይሄዳል። ለሚተካችሁ ልጅ ደግሞ የሊቀመንበሩን ስልክ ብቻ አትስጡት። መጀመሪያ ቀን በስብሰባው የተቃወመውን ሰው ስምም ጻፉለት፣ ቤቱንም አሳዩት።