ለአስተናጋጅ የምትተዉት ብር

ልጆች፣ እኔ ደሴና ኮምቦልቻ የሆቴል ሂሳብ ስሠራ ነው ያረጀሁት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ ግን ዓይኔ አሁንም ሂሳብ ወደሚመጣበት ትሪ ይሄዳል። ባንክ የገባችሁ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የጀመራችሁ፣ ገና ደመወዝ መቁጠር የለመዳችሁ ልጆች ስትከፍሉ አያለሁ። ስለ ቲፕ ላወራችሁ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ደረሰኙን አንብቡ። ትልልቅ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ሰርቪስ ቻርጅ የሚሉትን፣ ይጨምራሉ። በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ሜኑ ላይ 400 ብር ያያችሁት ምግብ 506 ሆኖ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ቤት ሌላ ቲፕ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ደስ ካላችሁ ጨምሩ፤ ካልሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ሰርቪስ ቻርጅ በሌለበት ቤት ግን ከመቶ አምስትም አስርም ብትተዉ ያምርባችኋል። ሂሳቡ 470 መጥቶ 500 ከሰጣችሁ መልስ አትጠብቁ። ለማኪያቶማ ማን በመቶኛ ያሰላል? ዝርዝሩን ትታችሁ ተነሱ።

“ደመወዝ አላቸው አይደል እንዴ?” የሚል አይጠፋም። አላቸው። ፔሮሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ስሠራ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ በብር ቆርጦ አላስቀመጠም። ስለዚህ ቤቱ ተስማማን ያለውን ይከፍላል። ይኸው አዋጅ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ደመወዝ ብሎ አይቆጥረውም። ቲፕማ ፔሮል ላይ ጭራሽ አይገባም። እንግዲህ አስቡት። አስተናጋጇ ስትታመም፣ ዓመት ዕረፍት ስትወጣ፣ የሥራ ስንብት ሲሰላላት የሚታየው ያቺው ትንሿ ደመወዝ ናት። ቤት ኪራዩን የምትከፍልበት ቲፕ ሥራ ያልገባች ቀን የለም። አንዳንድ ቤት ደግሞ ደንበኛ ሳይከፍል ከሾለከ ከእሷ ይቆርጣሉ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እንድታዝኑላት አይደለም። ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ እንደሆነ አውቃችሁ እንድትሰጧት ነው።

አሁን የመጣው ጣጣ ስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ሲጀምር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ “ዝርዝር የለም” ከሚባል ጭቅጭቅ ተገላገልን። ግን ሂሳቡን ልክ በልክ ልካችሁ ትነሳላችሁ። ጨምራችሁ ብትልኩም ብሩ የሚገባው ቤቱ ሂሳብ ውስጥ ነው። ደግ ባለቤት ማታ ለይቶ ይሰጣል። ሌላው “ሲስተሙ አይለይም” ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ምግቡን በስልክ ክፈሉ፣ ለቲፑ ግን አስርና ሃምሳ ብር ከኪሳችሁ አይጥፋ። ጥሬ ብር ጨርሶ ካጣችሁ “ቲፕ የሚገባበት የጋራ ቁጥር አላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ።

የጋራ ቁጥር ያልኩት በምክንያት ነው። ወንዶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። “ቲፕ ልላክልሽ፣ ስልክሽን ንገሪኝ” የሚሉት ነገር መጥቷል። ብሩ ሃምሳ ነው፤ ጥሪው ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይቀጥላል። ኮምቦልቻ የመንገድ ከተማ ስለሆነች ሰው ሁሉ በከባድ መኪና ሾፌር ያሳብባል። እኔ እንዳየሁት ግን ከረቫት ያሰረውም ያው ነው። ሁለት መቶ ብር እጇ ላይ አስቀምጦ እጇን አይለቅም። “ቁጭ በይ፣ አንድ ጠጪ” ይላል። ልጅቷ ትስቃለች። ምን ታድርግ? አለቃዋ ከባንኮኒው ጀርባ እያያት ነው። ፊቷን ብታጠቁር ደንበኛ አባረረች ትባላለች። ስለዚህ ስትስቅላችሁ ወደደችኝ ብላችሁ አትሳቱ። ብሩን ሰጥታችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የብዙ አስተናጋጆችን ወሬ ሰምቻለሁ፤ ጣጣ የሌለበት አስር ብር ጣጣ ካለበት ሁለት መቶ ይሻላል ይላሉ።

አጠራርም አለ። ደሴ ውስጥ ዛሬም አጨብጭቦ የሚጠራ ሽማግሌ አለ፤ እሱ በዚያ ነው ያደገው፣ አትፍረዱበት። እናንተ ግን እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ “እህቴ”፣ “ወንድሜ” በሉ። የእናታችሁ እኩያ ከሆነች “አንቺ” አይባልም። ፉጨትማ ለፍየል ነው።

ምግብ ሲዘገይ ንዴታችሁን ቲፑ ላይ አትወጡ። ጥብሱ የቆየው ኩሽና ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄዳ ጠይቃ ተቆጥታ ተመልሳለች። ራሷ አመናጭቃችሁ ከሆነ ምንም አትተዉ፣ ለኃላፊውም በጨዋ ቋንቋ ንገሩ። ለማዋረድ ተብሎ አንድ ብር ሳንቲም ማስቀመጥ ግን የባለጌ ሥራ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችስ? እናንተን ማንም ቲፕ አይጠብቅባችሁም። አንድ ሽሮ ለሦስት በልታችሁ “እጃችሁ አይጥፋ፣ እናመሰግናለን” ካላችሁ በቂ ነው። አንድ ሻይ ይዛችሁ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛ አትያዙ እንጂ። ያቺ ወንበር የአስተናጋጁ ገቢ ናት።

የግብዣውን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ ወሎዬዎች እዚህ ላይ ነው የምንበላሸው። “እኔ ልክፈል!” “በሞቴ!” እየተባባልን ስንታገል፣ ደረሰኙ ሊቀደድ ሲደርስ፣ ቲፑ ይረሳል። ከፋዩ ሌሎቹ የተዉ ይመስለዋል፤ ሌሎቹም እሱ የተወ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የተጋበዛችሁ ቀን ቲፑ የእናንተ ድርሻ ይሁን። ጋባዣችሁ ቅር ካለው “ምግቡን ጋብዘኸኛል፣ ይቺ የኔ ናት” በሉት። ብሩንም ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ጠረጴዛ የሚያነሳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ያስተናገደቻችሁን ፈልጋችሁ በእጇ ስጧት።