ካኑላ ስለሳትሽ ሙያሽን አትጠራጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «ሥራ ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው፤ አዲሷ ሄድ ነርስ በሽተኛ ፊት ትጮኽብኛለች፤ ድሮ ያለችግር የማስገባውን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን የመድኃኒት መስጫ ቀጭን ቱቦ) አሁን እጄ እየተንቀጠቀጠ እስታለሁ፤ ሙያው የእኔ አይደለም ማለት ነው?» ብለሻል። አይደለም። ችግሩ አንቺ ጋ ቢሆን ድሮም አታስገቢውም ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሦስት አለቆች ሥር ዋርድ ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. መጠየቅ እንዳታቆሚ። እኔ አቁሜ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያዋ አለቃዬ፣ ሐቁን ልናገር፣ በሥራዋ የሚያክላት አልነበረም። ግን ስትጠይቂያት «ይሄን ሳታውቂ ነው የተመረቅሽው?» ትላለች፤ ጮክ ብላ፣ አስታማሚ እየሰማ። ሁለት ጊዜ ተባልኩ። ሦስተኛ አልጠየቅኩም።

አንድ ሌሊት ዱቲ ላይ ቻርት ስከፍት ኢንሱሊን 40 ይላል። በዛብኝ። ተረኛዋ እሷ ነበረች። ልደውል ስል ያ ድምጿ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ተውኩትና ቀዳሁ። ያዳነኝ በሽተኛው ነው። «ሲስተር፣ የዛሬው አልበዛም?» አለኝ። ዶክተሩን ጠራሁት። ለካ 4 ነው! «ዩኒት» ለማለት ከቁጥሩ ጎን የጻፋት የእንግሊዝኛዋ «ዩ» አፏ ገጥሞ ዜሮ መስላለች። ይቺ ፊደል በዚሁ ጣጣዋ በትዕዛዝ ላይ እንዳትጻፍ፣ ቃሉ በሙሉ እንዲጻፍ እንደሚመከር ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ዋጋ ያስከፈለኝ ግን ይሄ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቴ ነው። ሪፖርት ባደርግ ጠዋት ርክክብ ላይ መሳለቂያ እንደምሆን አውቃለሁ። ዋጥኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ነርስ ልጅ፣ ያው ዶክተር፣ ያቺው ፊደል። እሷ ሰጠችው። በሽተኛው ስኳሩ ወርዶ በላብ ተጠምቆ፣ ሲጠሩት የማይመልስ ሆኖ ተገኘ። ግሉኮስ በደም ሥሩ ገብቶለት ነቃ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷ ግን ነርስነቱን ተወችው። አሁንም ሳስባት ሆዴ ይላወሳል።

የሚገርመው ደግሞ የእኛ ዋርድ በወረቀት ላይ ንጹህ ነበር። ስህተት ዜሮ! ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ጥሩ አመራር ያላቸው የነርስ ቡድኖች የመድኃኒት ስህተት በብዛት ሲመዘገብባቸው አይታ ግራ ተጋብታ ነበር። ነገሩን ስታጣራው እነዚያ ነርሶች የሳቱትን ለመናገር ስለማይፈሩ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል ደረሰች። ሳነበው የእኛ ንጹህ መዝገብ ትዝ አለኝ።

2. የማይቆጣ አለቃ ሁሉ ጥሩ እንዳይመስልሽ። ሁለተኛው ተቆጥቶ አያውቅም። ቢሮው ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ስትጠይቂው «እንደመሰለሽ አድርጊ» ነው። መጀመሪያ ነጻነት መሰለኝ። እያደር ግን ልክ ልሥራ ልሳት የሚነግረኝ አጣሁና ጭራሽ ባሰብኝ።

3. ሦስተኛዋ... እሷን በቁጥር አልችላትም። በመጀመሪያው ቀን «የትኛው ሥራ ያስፈራሻል?» አለችኝ። ካኑላ አልኳት። አልነጠቀችኝም። ለአንድ ሳምንት ደም ሥራቸው ወፈር ያለውን ሰጠችኝ፤ ከዚያ ከባድ ከባዱን፣ እሷ እጇን ኪሷ ከታ ጎኔ ቆማ። ስሳሳት ደግሞ የምትነግረኝ መድኃኒት ክፍል ገብተን፣ ሁለታችን ብቻ። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉ በላይ የሚመጣው ራሳችን ሠርተን ከተሳካልን ነገር ነው ይላል። እሷ ባንዱራን ታንብብ አታንብብ እንጃ፤ ያደረገችው ግን እሱን ነው። ዛሬ የሕፃን ደም ሥር አልገኝ ሲል የሚጠሩት እኔን ነው። ጉራ ነው፣ አዎ፤ ለፍቼበታለሁ።

አንቺ አለቃሽን መቀየር አትችይም። ስለዚህ የተሳካልሽን ካኑላ ሁሉ ደብተር ላይ መዝግቢ፤ ከሳትሽው እንደሚበልጥ ታያለሽ። እሷ ጋ ከመደወልሽ በፊት አራት መስመር ጻፊ፦ ምን ተፈጠረ፣ የበሽተኛው ታሪክ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። እንዲህ ሆነሽ ስትቀርቢ የምትጮኽበት ቀዳዳ ይጠባል።

ዝውውር ከጠየቅሽ ደግሞ ማመልከቻሽን መዝገብ ላይ አስገቢ፤ ቅጂው ላይ ማህተም ሳይመታልሽ ከቢሮው እንዳትወጪ። የኔን የተቀበለኝ ሰውዬ ስልኩን እያየ «ነርስ ሁሉ አለቃ ልምረጥ ካለ ማን ይሠራል?» ብሎ ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ከ5 ወር በኋላ ስመለስ «የምን ማመልከቻ?» አለኝ። እንደገና ጽፌ፣ ማህተም አስመትቼ ነው ሦስተኛዋ ጋ የደረስኩት።